መሶብ ብቻውን አያጠግብም፦ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶል ገበያ ላይ ማን ያሸንፋል?

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ስዊች 2» የተባለውን የጌም ኮንሶል ለገበያ አቀረበ። በአራት ቀን ውስጥ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኩባንያው እስከዚያ ካወጣቸው ኮንሶሎች ሁሉ እንዲህ በፍጥነት የተሸጠ አልነበረም። አራት ወር ቆይቶ፣ በኦክቶበር፣ የታይዋኑ አሱስ እና የአሜሪካው ማይክሮሶፍት በጋራ ያዘጋጁት «ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ኤክስ» ተከተለ። ይሄኛው በእጅ የሚያዝ ይሁን እንጂ ውስጡ ሙሉ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። ዋጋውም እንደዚያው፤ 999 ዶላር ከ99 ሳንቲም።

ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ዓይነት ኪስና ቦርሳ ታስበው ወጡ። አንዱ 450 ዶላር፣ ሌላው 1000 ዶላር። የትኛው ይበልጥ ይሸጣል ብሎ መገመት ከባድ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ለምን የሚለው ነው። «ርካሽ ስለሆነ» ብሎ መልሶ ማለፍ ይቻላል፤ ግን የዚህ ገበያ ታሪክ ከዚያ ትንሽ የተወሳሰበ ነው። ርካሽ ሆነው የወደቁም፣ ውድ ሆነው የተሸጡም አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ኮንሶል መብራቱን ከግድግዳ ያገኛል፤ ቦታውም ጊዜውም የተወሰነ ነው። በእጅ የሚያዘው ግን ከባለቤቱ ጋር ውሎ ከባለቤቱ ጋር ያድራል። አውቶቡስ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ደጅ፣ አልጋ ላይ። ስለዚህ የሚመዘነው በጉልበቱ ሳይሆን ከሰው ውሎ ጋር በመስማማቱ ነው። ገዢው በአፉ ባይላቸውም በሆዱ የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ስንት ነው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ምን እጫወትበታለሁ? ከማን ጋር? ላለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት በዚህ ገበያ የወደቀ ሁሉ የወደቀው ከአራቱ ቢያንስ አንዱን ንቆ ነው።

የ1989ኙ ፉክክር

ኒንቴንዶ «ጌም ቦይ»ን ጃፓን ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1989 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 90 ዶላር ነበር። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ ነገር ላይ ጥላ የሚመስል ምስል ነው የሚያሳየው። የኋላ መብራትም ስለሌለው ጨለማ ውስጥ አይጫወቱበትም። በዚያን ጊዜ መመዘኛ እንኳ ወደኋላ የቀረ ዕቃ ነበር።

በዚያው ዓመት አታሪ «ሊንክስ»ን አወጣ። ባለ ቀለም፣ የኋላ መብራት ያለው፣ ፈጣን። ዋጋው የጌም ቦይን እጥፍ ያህል ነው። ቀጥሎ ሴጋ በ«ጌም ጊር» መጣ፤ እሱም ባለ ቀለም፣ አሜሪካ ውስጥ 150 ዶላር። ሴጋ በማስታወቂያዎቹ በጌም ቦይ ስክሪን ላይ ያሾፍ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው አሸናፊው ግልጽ ይመስላል።

ሱቅ ውስጥ ነው እንጂ። ቤት ሲገባ ሌላ ሒሳብ ይጀምራል። ጌም ቦይ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ 15 ሰዓት ገደማ ያጫውታል። ጌም ጊር ስድስት ድንጋይ ይበላና ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ ልጅ 15 ሰዓት ለመጫወት በጌም ቦይ አራት ድንጋይ ሲበቃው፣ በጌም ጊር ከ18 እስከ 30 ያስፈልገዋል። ያንን የሚከፍለው ልጁ አይደለም፤ እናትና አባት ናቸው። እነሱ ደግሞ ስለ ቀለም አይከራከሩም፤ «ለዚህ ነገር ስንት ጊዜ ነው ባትሪ የምገዛው?» ነው የሚሉት።

የጌም ቦይ ደካማነት ደግሞ ድንገት የመጣ ስህተት አልነበረም። የሠራው ቡድን መሪ ጉንፔይ ዮኮይ የታወቀ አስተሳሰብ ነበረው፦ አዲስ የወጣውን ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ፣ የቆየውን፣ ዋጋው የወረደውን፣ ጠባዩ ተጠንቶ ያለቀውን ወስዶ ማንም ላላሰበው አገልግሎት ማዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለው የኪስ መጫወቻም የእሱ ሐሳብ ነበር፤ ለካልኩሌተር የተሠራውን ርካሽ ስክሪን ነው ለጨዋታ ያዋለው። መነሻው ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ሥራ ሲፈታ የካልኩሌተር ቁልፎች እየነካካ ጊዜ የሚገፋ ተሳፋሪ ማየቱ እንደነበር ይነገራል። ስለ ስክሪኑ ከማሰቡ በፊት ስለ ተሳፋሪው አሰበ ማለት ነው።

ውጤቱ ይታወቃል። ጌም ቦይ፣ በኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር፣ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቆመ። ሊንክስ ከዚያም ያነሰ ነው።

መሶቡና እንጀራው

ባትሪና ዋጋ ግን በር ይከፍታሉ እንጂ ቤት አይሞሉም። ኮንሶል መሶብ ነው፤ ምንም ቢያምር እንጀራ ከሌለበት ማንም አይቀርበውም። እንጀራው ጌሙ ነው።

ጌም ቦይ አሜሪካ ሲገባ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ የተሸጠው ጌም የኩባንያው ዝነኛ ማሪዮ አልነበረም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ የሶቪየት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው ቴትሪስ ነበር። የቴትሪስን ፈቃድ ያመጣው ሄንክ ሮጀርስ የኒንቴንዶን የአሜሪካ ኃላፊ ያሳመነበት ነጥብ ቀላል ነው፤ ማሪዮን ከጨመራችሁ ወንድ ልጆች ይገዙታል፣ ቴትሪስን ከጨመራችሁ ግን ሁሉም ሰው። እንዳለውም ሆነ። ለልጅ የተገዛውን ጌም ቦይ ልጁ ከተኛ በኋላ አባትና እናት ይሻሙበት ጀመር። ቴትሪስ ቀለም አይጠይቅም፣ ታሪክ የለውም፣ ቋንቋ አይፈልግም። አምስት ደቂቃ ተጫውቶ መተው ይቻላል። ለደካማው ስክሪን ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ከማን ጋር?» የሚለው፣ መልሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ነው። ጌም ቦይ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ይሄ ሽምግልና ነው። ያኔ ፖክሞን ጃፓን ውስጥ ወጣ፣ በሁለት ዓይነት፦ ቀይና አረንጓዴ። አንዳንዶቹ ፍጡሮች በቀዩ ብቻ፣ አንዳንዶቹ በአረንጓዴው ብቻ ይገኛሉ። ሁሉንም መሰብሰብ የፈለገ ልጅ ሌላኛውን የገዛ ጓደኛ ፈልጎ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች በገመድ አገናኝቶ መለዋወጥ ግድ ነው። ያቺ ገመድ ጌም ቦይ ከወጣ ጀምሮ ነበረች፤ ትርጉም ያገኘችው ግን ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሻጩ ኒንቴንዶ ብቻ አልነበረም፤ የክፍል ጓደኛም ሆነ። ጓደኛው ፖክሞን ያለው ልጅ ያለ ጌም ቦይ ዕረፍት ሰዓት ላይ ብቻውን ነው የሚቆመው።

ኖኪያና እባቧ

ይሄን ነገር እኛም በራሳችን ዓይን አይተነዋል። ሞባይል አገራችን ከገባ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኖኪያ እጁ ያልገባ ሰው ጥቂት ነው። ኖኪያ ውስጥ ደግሞ እባቧ ነበረች፤ እየበላች የምትረዝም፣ የራሷን ጭራ ስትነካ የምትሞት። ኖኪያ ይህቺን ጌም እ.ኤ.አ. በ1997 «6110» በተባለው ስልኩ ነው ያስገባት። ማንም ለእሷ ብሎ ስልክ አልገዛም፣ ማንም ለእሷ ተጨማሪ አልከፈለም። ታክሲ ስንጠብቅ፣ ወረፋ ስንቆም፣ ስብሰባ ሲረዝም ተጫወትናት። ባትሪው ደግሞ ቀናት ይቆይ ነበር።

ይሄው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ጌም ገበያ በይፋ ልግባ ብሎ «ኤን-ጌጅ»ን ሠራ። ስልክም ነው፣ ኮንሶልም ነው። ወረቀት ላይ ድንቅ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም የምንይዘው ነገር ከዚያ የራቀ አይደለም። አሠራሩ ግን ሌላ ነበር። ጌም ለመቀየር የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት ያስፈልጋል። ስልክ ለማውራት ደግሞ ጠርዙን ጆሮ ላይ መደቀን፤ ሰው በየመንገዱ ሳቀበት። ዋጋው 299 ዶላር ሲሆን በዚያው ጊዜ «ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ» በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኖኪያ በዓመቱ ሁለቱንም ጉድለት ያረመ ሌላ ሞዴል አወጣ፤ ገበያው ግን አልጠበቀውም። እባቧን በነጻ ለሚሊዮኖች ያደረሰ ኩባንያ፣ ጌምን ዋና ሥራው ሲያደርግ የሰውን ውሎ ረሳ።

ሽንፈት ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ጉልበት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሶኒ «ፒኤስፒ»ን ሲያወጣ ስክሪኑ ሰፊ፣ ምስሉ ለቴሌቪዥን ኮንሶል የቀረበ ነበር። አሜሪካ የገባው በ250 ዶላር ሲሆን ተቀናቃኙ «ኒንቴንዶ ዲኤስ» 150 ዶላር ነው። ፒኤስፒ ወደ 80 ሚሊዮን ተሸጠ። ይሄ በምንም መለኪያ ውድቀት አይባልም። በተለይ ጃፓን ውስጥ «ሞንስተር ሃንተር» የተባለው ጌም ጓደኛሞችን ካፌና ምግብ ቤት ውስጥ አራት አራት ሆነው እንዲሰበሰቡ አድርጓል።

ዲኤስ ግን 154 ሚሊዮን ተሸጠ። ልዩነቱን ያመጡት ጌም ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ስክሪኑ በጣት ወይም በትንሽ ዘንግ ስለሚነካ ብዙ ቁልፍ ማወቅ አያስፈልግም። ውሻ የሚያሳድጉበት «ኒንቴንዶግስ» እና አእምሮን የሚያሠራው «ብሬን ኤጅ» ለሴት አያትም ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ደረሱ። ሶኒ ከነበሩት ተጫዋቾች ምርጡን ድርሻ ሲሻማ፣ ኒንቴንዶ ጌም የማይጫወተውን ሰው ወደ ገበያው አስገባ።

የርካሽ ቴክኖሎጂ ሐሳብም ቢሆን ክታብ አይደለም። ዮኮይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ»ን ሠርቷል። ርካሽ ቀይ መብራት ተጠቅሞ ጥልቀት ያለው ምስል የሚያሳይ፣ እግር ያለው፣ ዓይን ላይ የሚደገፍ ዕቃ ነበር። ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ሶፋ ላይ አይመችም፣ አጠገብህ ያለ ሰው የምትጫወተውን አያይም። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። የረቀቀ ሐሳብ ያለው ሰው እንኳ ውሎን ከረሳ ይወድቃል።

ስልኩ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2008 አፕል የአፕሊኬሽን መደብሩን ሲከፍት የገበያው ወለል ተንቀጠቀጠ። ድሮ ቴትሪስና እባቧ የሚሞሉት አምስት ደቂቃ አሁን በነጻ ጌሞች ተያዘ። ሰው ኪሱ ውስጥ ሁለተኛ መሣሪያ ለመያዝ ጥሩ ምክንያት መጠየቅ ጀመረ።

ኒንቴንዶ ይሄን በደንብ የተረዳ አይመስልም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 «3ዲኤስ»ን አሜሪካ ውስጥ በ250 ዶላር አቀረበ፤ ያለ መነጽር ጥልቀት በሚያሳይ ስክሪኑ ተማምኖ። ጥሩ የሚባል ጌም ግን በቅጡ አልተዘጋጀም ነበር። ሽያጩ ሲቀዘቅዝ በኦገስት ዋጋውን ወደ 170 ዶላር አወረደ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ፤ ቀድመው በውድ ለገዙትም ሃያ ጌም በነጻ ተሰጠ። ከዚያ ማሪዮዎቹ፣ በኋላም ፖክሞን መጡ። 3ዲኤስ በመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን ደረሰ። ስህተትን ቶሎ ማመን እንዴት እንደሚያድን ጥሩ ማሳያ ነው።

ሶኒ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ቪታ»ን አወጣ። ያየው ሁሉ ያደነቀው ዕቃ ነው፤ ስክሪኑ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ነገር ግን ጌም የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ በየሱቁ የሚገኘው ዓይነት ሳይሆን ሶኒ ለቪታ ብቻ የሠራው ነበር። ባለ 32 ጊጋባይቱ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ሰው ዋጋውን አይቶ ሲገዛ ሌላ ዋጋ ከኋላ ጠበቀው። በዚያ ላይ ሞንስተር ሃንተር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ 3ዲኤስ ሄደ። እንጀራው ሲወጣ መሶቡ ባዶውን ቀረ። ሶኒ ብዙም ሳይቆይ የቪታን ሽያጭ ለብቻው መናገር አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ምርቱንም ዘጋ።

ሁለት ቤት አንድ ሲሆን

ብዙ ተንታኝ ያኔ «ስልክ ይሄን ገበያ ጨርሶታል» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የወጣው «ስዊች» ነው ያንን ያፈረሰው። ብልሃቱ የሚመስለው ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ የሳሎን፣ ሲነቀል የእጅ መሆኑ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ግን ይበልጣል። ኒንቴንዶ ለዓመታት ጌም ሠሪዎቹን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ለሳሎን ኮንሶል፣ ግማሹ ለእጁ። በሁለቱም ቤት ጌም ያጥር ነበር። ስዊች ሁለቱን ኩሽና አንድ አደረገ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ዜልዳ፣ ማሪዮ ካርት፣ ስፕላቱን እና ማሪዮ ኦዲሲ በአንድ መሣሪያ ላይ ተሰለፉ። ልቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ አዲስነቱ ያለፈ የኢንቪዲያ ቺፕ ነው። ዮኮይ ከሞተ ሃያ ዓመት ቢሞላውም አስተሳሰቡ እዚያው ነበር። ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ሌላው መንገድ የቫልቭ ኩባንያው «ስቲም ዴክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በ399 ዶላር ጀመረ። እሱ የራሱን እንጀራ አልጋገረም፤ ሰው በስቲም መደብር ለዓመታት የገዛቸውን ጌሞች ነው ይዞ የመጣው። ለእነዚያ ሰዎች መሶቡ ሲመጣ እንጀራው ቤት ነበር። ገዢዎቹም በዋናነት እነሱ ሆነው ቀርተዋል፤ ታማኝ ግን ከኒንቴንዶ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ገበያ። የአሱስና የማይክሮሶፍቱ የ1000 ዶላር ዕቃም የሚሻማው ከዚሁ ጠባብ ገበያ ላይ ነው።

ዛሬ ያለው አደጋ

እስካሁን ያልኩት ኒንቴንዶን ማወደስ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ዛሬ የሚያሳስበኝ እሱ ራሱ ነው።

የ1989ኙ ጌም ቦይ 90 ዶላር የአሜሪካን የዋጋ ንረት አስልተን ብናመጣው በ2025 ወደ 230 ዶላር ይሆናል። ስዊች 2 ግን በዚያው ዓመት ሲወጣ 450 ዶላር ነበር፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። «ማሪዮ ካርት ወርልድ» የተባለው ጌም ለብቻው 80 ዶላር። ባትሪው ኩባንያው ራሱ እንደሚለው እንደ ጌሙ ዓይነት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር ከጌም ጊርም ያነሰ ነው። በርግጥ ዛሬ ድንጋይ አይገዛም፣ ቻርጅ ይደረጋል። ቢሆንም።

ከሁሉ የሚገርመው ሌላ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ሲቆይ ይረክሳል ብለን ነው ያደግነው። በኦገስት 2025 ግን ኒንቴንዶ ስምንት ዓመት የሞላውን የመጀመሪያውን ስዊች አሜሪካ ውስጥ ከ300 ወደ 340 ዶላር አስወደደው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪ ቺፕ ስለሚሻሙ የቺፕ ዋጋ በመላው ዓለም አሻቅቧል። ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂን መጠቀም የሚለው ሐሳብ የቆመው «ያረጀ ይረክሳል» በሚለው እምነት ላይ ነበር። እምነቱ ከተናጋ ሐሳቡም ይናጋል።

ኒንቴንዶ ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። በ2025 ጃፓን ውስጥ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራ ስዊች 2 በ49,980 የን ለገበያ አቀረበ፤ በወቅቱ ምንዛሪ ከአሜሪካው ዋጋ በ100 ዶላር ገደማ ያነሰ። የገዛ አገሩን ቤተሰብ ኪስ አስቦ ነው። ሌላው ዓለም ግን ሙሉውን ይክፈል ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይሄ ነገር ሩቅ ይመስላል። ኮንሶል እኛ ጋ የሚመጣው በአብዛኛው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ጌሙን ለመግዛት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ልጆቻችን በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ የሚጫወቱት፣ ወይ ከወላጅ ስልክ ጋር የሚታገሉት ለዚህ ነው። ትምህርቱ ግን ሩቅ አይደለም። እኛ አገር ስልክ የሸጡት ኩባንያዎች ያሸነፉት በፈጣን ቺፕ አይደለም፤ ሁለት ሲም በመያዝ፣ አማርኛ በመጻፍ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው በመቆየቱ ነው። አፕሊኬሽን ለመሥራትም ሆነ ዕቃ ለማስገባት የሚያስቡ ወጣቶች ከዮኮይ ተሳፋሪ ቢጀምሩ አይከስሩም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ስዊች 2 በጅምሩ የሮጠው አሮጌው ስዊች ላይ የነበሩትን ጌሞች አብዛኞቹን ስለሚያጫውትና የቀደመው ገዢ ጓደኞቹም ጌሞቹም እዚያው ስለሆኑ ነው። «ምን?» እና «ከማን ጋር?» የሚሉት ጥያቄዎች ተመልሰዋል። «ስንት ነው?» የሚለው ግን ገና ነው። በአራት ቀን የሚገዙት አፍቃሪዎች ናቸው፤ መቶ ሚሊዮን የሚያደርሱት ግን ለልጃቸው የሚገዙ ወላጆች ናቸው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለእነሱ ብሎ «ስዊች ላይት»ን በ200 ዶላር አውጥቶ ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት እኔ የምከታተለው ማን የተሻለ ፕሮሰሰር አስገባ የሚለውን አይደለም። ያንን የ200 ዶላር ዕቃ ዳግም የሚሠራ ይኖር ይሆን የሚለውን ነው። ካልተገኘ፣ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል የልጆች መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ ልጅ ሳሉ የተጫወቱበት አዋቂዎች የናፍቆት ዕቃ ይሆናል።